ማር ማር ይላል ያልኩት ወይን

ልጄ ያንን ነጭ ወይን ይዛልኝ የመጣችው ጥምቀት ባለፈ በመጀመሪያው እሁድ ነው። ያን ጊዜ ምላሴ መለየት ካቆመ ሁለት ወር አልፎት ነበር። እሷ ግን አታውቅም። ማንም አያውቅም። ምላሴ ስል ጣዕም የማውቅበትን ማለቴ ነው፤ ለመናገሩማ ምን ጎድሎኝ።

ጎንደር አራዳ ውስጥ፣ ከአሮጌው የገበያ መንገድ ገባ ብሎ ባለው ግቢዬ፣ ሠላሳ ዓመት ጠጅ ጥያለሁ። ጉራ ካላላችሁኝ ልንገራችሁ፤ ማር በጣቴ ጫፍ ነክቼ የቆላ ይሁን የደጋ እለይ ነበር። ስኳር የቀላቀለ ማር ነጋዴ በደጄ ሲያልፍ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚያልፈው። ከጋኑ ጠብ አድርጌ ቀምሼ “ዛሬ ጌሾው ይውጣ” ካልኩ ያ ቀን ነው። አንድ ቀን ቢዘገይ ጠጁ ይመራል፤ ቢቸኩሉበት ደግሞ ብርዝ ሆኖ ይቀራል። ጎረቤቶቼ ስለ ምላሴ ሲያወሩ ያልሰማሁ መስዬ እሰማለሁ። ደስ ይለኝ ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ።

ኅዳር ሲታጠን ሰሞን ጉንፋን ያዘኝ። ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን ያቃጥል ስለነበር የጭሱ ነው ብዬ ናቅሁት። ሳምንት ሙሉ ጣለኝ። ስነሳ ሽታም የለ፣ ጣዕምም የለ። በርበሬ ቢሉ፣ ሎሚ ቢሉ፣ ሁሉም አንድ ነው። ጨው ዘግኜ ላስኩ፤ አሸዋ ሆነብኝ። ላም እንኳ አሞሌ ትለያለች። ይህችን ቃል በስንቱ ሰው ላይ እንደተረትኩባት እኔ ነኝ የማውቀው፤ ያን ቀን ማጀት ቆሜ በራሴ ላይ ተረትኩባት።

ሐኪም ቤት አትሄጂም ነበር ወይ የሚለኝ ይኖራል። ልጄ የምትሠራው ሆስፒታል፣ መድኃኒት ክፍል ነው፤ ብነግራት በነጋታው ጎትታ ትወስደኝ ነበር። ግን ጠጅ ጣይ ምላሷ ጠፋ ከተባለ ምን ቀራት? ዓይኑ የጠፋ ሾፌር ማኪና ላይ ማን ይሳፈራል? ነገ ይመለሳል፣ ከነገ ወዲያ ይመለሳል እያልኩ ዋጥ አደረግሁት።

ሥራዬንም አላቆምኩም። የማሩንና የውኃውን ልክ እጄ ያውቀዋል። መፍላቱን በጆሮዬ እሰማለሁ፤ ጋኑ ላይ ጆሮዬን ስለጥፍ እንደ ሽሮ ይንተከተካል። ለቀረው ነገር አያ ሾፌር ነበሩልኝ። እኒህ ሰው የድሮ የጭነት ማኪና ሾፌር ናቸው፤ ሥራ ካቆሙ ወዲህ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ እየመጡ አንድ ብርሌ ጠጥተው ይሄዳሉ። ከአዲስ ጋን የመጀመሪያውን ለእሳቸው እቀዳና ፊታቸውን አያለሁ። ሲጥማቸው ግራ ቅንድባቸው ትነሳለች፤ ካልጣማቸው አፋቸውን በመሀረብ ይጠርጋሉ፤ መሀረብ ከወጣ ያ ጋን አይሸጥም። ሁለት ወር ሙሉ በሰው ቅንድብ ጠጅ ሸጥኩ ማለት ነው።

በዚህ መሀል ወንድሜ ደወለ። ታናሼ ነው፣ ድብ ባሕር ስንዴና ገብስ ያርሳል። ሴት ልጁን ሊድር ነው። ሰርጉ መንገድ ተዘግቶ አንዴ ተላልፎ ነበር፤ አሁን ለጥር መጨረሻ ተቆርጧል። “እትዬ፣ ጠጁ ያው ያንቺ ነው” አለኝ። ታምሜያለሁ ብል ያምነኝ ነበር። አላልኩም። ሁለት ጋን ጣልኩ።

ይህ ሰርግ እንደ ሌላው ሰርግ አይደለም። ድብ ባሕር ውስጥ እስከ ዛሬ “መራራው ሰርግ” የሚባል አለ። ሙሽራዋ ዛሬ የልጅ ልጅ አይታለች፤ ስሙ ግን አልለቀቃትም፤ ልጆቿን እንኳ “እነ መራራው ሰርግ” ይሏቸዋል። የዚያን ሰርግ ጠጅ የጣለችው እናቴ ናት። የኮሶ ያህል መሮ ዳስ ሙሉ ሰው ፊቱን አጨማዶ ተነሳ። እናቴ አገር ያወቃት ባለሙያ ነበረች፤ ዓይን በላት አሉ፣ እጇ ጠፋ አሉ፣ ያላሉት የለም። እሷ አንድም ቃል አልመለሰች። ከዚያ ወዲያም እስክትሞት ጠጅ አልጣለችም። እኔ ያን ጊዜ የዘጠኝ፣ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። አሁን እዚያው መንደር፣ እነዚያው ሰዎች ፊት፣ የእሷ ልጅ ያልቀመሰችውን ጠጅ ይዛ ልትቀርብ ነው። ፈራሁ። እንዲያ ፈርቼ አላውቅም።

እንግዲህ ወይኑ የመጣው ጋኖቹ ሲፈሉ ነው። ከውጭ አገር መጥቶ ሆስፒታሉ ውስጥ ሲያስተምር የቆየ ሐኪም ወደ አገሩ ሲመለስ ለልጄ የሰጣት ስጦታ ነው። ነጭ ይሉታል እንጂ ነጭ አይደለም፤ የገለባ ቀለም አለው። “ነጭ ከሆነማ ወተት አታመጪልኝም ነበር?” አልኳት።

መክፈቻ የለንም። ቡሹን በማማሰያ እጀታ ብገፋው ጠርሙሱ ውስጥ ወድቆ ተንሳፈፈ።

“በቃ፣ ከእንግዲህ አይዘጋም” አለች ልጄ።

“ማን ሊዘጋው ነው?”

በእኛ ቤት ቀጂ ሳትቀምስ ለሰው አትሰጥም። መዳፍ ላይ ጠብ ይደረጋል፣ ይቀመሳል፣ ከዚያ ለእንግዳ ይቀዳል። የራስ ልጅ ብትሆንም ሥርዓቱ ሥርዓት ነው። መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ ላስኩት። ቅዝቃዜው ተሰማኝ፣ ሌላው ውኃ ነው። ልጄ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች፤ አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ።

“ሸጋ ነው” አልኩ። “ማር ማር ይላል።”

ቀዳሁላት፣ ጠጣች፣ ፊቷ ተኮማተረ። “እማዬ፣ ማሩን የት አገኘሽው? ክብሪት ክብሪት ነው የሚለው። ደግሞ ጥርስ ያረግፋል።”

“አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ምላስ ያበቀልሽው?” አልኳት።

ተቆጥቼ ነው፣ በቀልድ አይደለም። ልጅ ሳለች ሙያዬን ትውረስ ብዬ ጋን ቤት እያስገባሁ አስቀምሻት ነበር። ሁሉንም “ይመራል” ትለኛለች፤ የደረሰውንም ያልደረሰውንም። አንድ ቀን ቢያንገሸግሸኝ “ላም እንኳ አሞሌ ትለያለች” ብዬ አስወጣኋት። ከዚያ ወዲህ ለመቅመስ ጋን ቤት ገብታ አታውቅም። እሷም ትምህርቷን ያዘች፣ እኔም ጋኔን ያዝኩ።

አልተቀየመችኝም። ሳቀች። “ሐኪሙ ነግሮኛል” አለች። “ይህ ወይን ሲከፈት ያኮርፋል፤ ንፋስ እያገኘ ሲሄድ ቀስ በቀስ ነው የሚሻለው፣ አትቸኩይበት ብሎኛል።”

“ሰው ነው እንዴ የሚያኮርፈው?”

እኔ በማውቀው፣ መጠጥ ከተከፈተ ወዲያ መንገዱ ቁልቁል ነው። ዛሬ የተከፈተ ጋን ነገ ያንሳል፣ ሲከርም ለኮምጣጤ ነው። ተከፍቶ የሚሻለው መስኮት ብቻ ነው አልኳት። እሷም እንጠብቃ፣ ምን ቸገረን አለች። ምሳ በላን፣ ቆሎ ቆረጠምን፣ የሰርጉን ነገር አወራን። ከአንድ ሰዓት በኋላ ድጋሚ ቀድታ አሸተተችው።

“አየሽ፣ ክብሪቱ ለቀቀው። አሁን ኮክ ኮክ ይላል። ቅመሺማ።”

ቀመስኩ። ውኃ። “አዎ፣ ተሻሽሏል” አልኩ።

“ከምኑ ተሻሻለ? ቅድምም ማር ነው ብለሽ አልነበር?” አለችኝ እየሳቀች።

“ማሩ ጨመረ” አልኩ። ሳቋን አቆመች። ተነስታ ብርጭቆዎቹን ልታጥብ ሄደች፤ ሁለት ብርጭቆ ነበር፣ ብዙ ቆየች። ከዚያ ሳመችኝና አዘዞ ወደ ቤቷ ሄደች።

ጠርሙሱ ከግማሽ በላይ ቀርቶታል። እንደ ጋን አፉን በነጠላ ቁራጭ ሸፈንኩና ጋን ቤት፣ ከሁለቱ የሰርግ ጋኖች አጠገብ አስቀመጥኩት። መጠጥ የሚቀመጥበት ሌላ ቦታ አላውቅም።

ሰኞ አያ ሾፌር ሲመጡ ከጠጁ በፊት ወይኑን ቀዳሁላቸው። ቅንድባቸው ግማሽ መንገድ ሄዳ ቆመች።

“ምንድን ነው ይሄ?”

“የፈረንጅ ነው። ይቅመሱና ይንገሩኝ።”

“ሎሚ የወደቀበት የምንጭ ውኃ ነው” አሉ። ግን ጨረሱት።

ማክሰኞም ቀዳሁላቸው። ቅንድባቸው ሙሉ በሙሉ ተነሳች። ብርጭቆውን ወደ በሩ ብርሃን አዙረው አዩት። “ይሄ የትናንቱ አይደለም” አሉኝ።

“የትናንቱ ነው፣ አያ።”

“በምን ምክንያት ተሻለው?”

“ተከፍቶ ስላደረ ነው ይላሉ።”

“ምነው ታዲያ እኔ ሰባ ዓመት አፌን ከፍቼ ስኖር አልተሻለኝ?” ብለው በራሳቸው ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ሲሄዱ በሩን ዘጋሁና አፍንጫዬን ጠርሙሱ አፍ ላይ ደቅኜ ሳብኩ። ምንም የለም። ሐኪሙ ያለው እውነት ነው፤ እዚያ ጠርሙስ ውስጥ አንድ ነገር በየቀኑ እየተለወጠ ነው፣ እኔ በሠላሳ ዓመቴ አይቼ የማላውቀው ነገር። ያየሁት ግን በሽማግሌ ፊት ላይ ነው። ዱካዬ ላይ፣ እዚያች አጭር በርጩማ ላይ፣ ተቀምጬ አለቀስኩ። ስለ ወይኑ አይደለም።

ማታውን ወንድሜ ደወለ። “እትዬ፣ ጠጁ እንዴት ሆነ?”

“እየደረሰ ነው።”

“ሰዉ አሁንም ያንን ነገር ያነሳል። አንቺ ነሽ የምትጥዪው ስላቸው ግን ዝም ይላሉ።” እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

ረቡዕ የአያ ሾፌር ቅንድብ እንደ ማክሰኞ ሆነች። ሐሙስ ግን አንዴ ጎንጨት አድርገው መሀረባቸውን አወጡ። “እኔን ያንቺን ጠጅ ስጪኝ” አሉ። ወይኑ ወደ ቁልቁለቱ እንደገባ ገባኝ፤ ያም ቢሆን ከመሀረቡ ነው የገባኝ።

የሰርጉን ጠጅ ለምን እሳቸውን አታስቀምሺም ትሉኛላችሁ። ጌሾ ያልወጣለት ጠጅ ለውጭ ሰው አይሰጥም፣ ነውር ነው። ነውሩን ብተወውም አያ የሚያውቁት የደረሰውን ነው፤ ያልደረሰ ጠጅ መቼ እንደሚደርስ ቅንድብ አይናገርም። በቀን ብቆጥር ሁለቱም ጋኖች የእሁድ ናቸው። ነገር ግን የጥር ብርድ ጋን ያዘገያል፣ አንዱ ለግድግዳው ቀርቦ አንዱ ለምድጃው ቀርቦ ተቀምጧል። ቀን ቆጥሮ ጌሾ ማውጣት የሰነፍ ሥራ ነው ብዬ ለሌላው የምመክረው እኔ ነኝ።

ዓርብ ልጄ መጣች። ቀኗ አልነበረም፤ የሥራ ጋውኗን እንኳ አላወለቀችም። “ያ ወይን አለ?” አለችኝ። አወጣሁላት። ጠርሙሱን ራሷ አንስታ መዳፌን ገለበጠችና ጠብ አደረገችልኝ። “ቅመሺ።”

ላስኩ። መጀመሪያ ያው ቅዝቃዜው ነው። ቀጥሎ ምላሴ ዳር ላይ፣ መንጋጋዬ ጋ፣ መርፌ የነካኝ ያህል ጠቅ አደረገኝ። አፌ ምራቅ ሞላ። እንደገና በመዳፌ ተቀበልኩ፣ እንደገና ላስኩ፣ እንደገና ጠቅ አደረገኝ።

“ይሄስ ሸጋ ነው” አልኩ። “ሐኪሙ እውነቱን ነው፤ ዛሬ ነው የተሻለው።”

ልጄ ጎንጨት አለችና በሩ ጋ ሄዳ ተፋችው። “እማዬ፣ ኮምጣጤ ሆኗል እኮ።”

“ኮመጠጠኝ” አልኳት። “ኮመጠጠኝ፣ ልጄ።” ሳቅሁ፤ ሳቁ እዚያው ወደ ልቅሶ ሄደብኝ። አጠገቤ ተቀመጠች።

“ከመቼ ጀምሮ ነው?”

“ከኅዳር።”

“እኔ እሁድ ነው ያወቅሁት። ማር ማር ይላል ስትዪ። አንቺ በምንም ብትሳሳቺ በማር አትሳሳቺም።”

“ምነው ዝም አልሽኝ ታዲያ?”

“እስክትነግሪኝ ብዬ ነበር። አላስችል ቢለኝ መጣሁ።”

ጎምዛዛው ከመጣ ሌላውም ቀስ እያለ ይመጣ ይሆናል አለችኝ። ይመጣል ብላ አልማለችልኝም። ስለ ሁለቱ ጋኖች ነገርኳት፣ ስለ መራራው ሰርግ ነገርኳት፤ ይህን ከእኔ ሰምታው አታውቅም ነበር። ከዚያ ሁለታችን ጋን ቤት ገባን። ከመጀመሪያው ጋን በቅል ጨልፌ ቀመስኩ። ዳር ዳሩን ትንሽ ጠቅ አደረገኝ፣ አለቀ። ጣፋጩም የለ፣ መራራውም የለ። ቅሉን ለልጄ ዘረጋሁላት።

“ቅመሺና ንገሪኝ” አልኩ።

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ የማን እንደሆነ አወቅሁት። የእናቴ ነው። ከመራራው ሰርግ በፊት እናቴ ታማ ነበር፤ ሲያስላት ትዝ ይለኛል። ከተነሳች በኋላ አንድ ቀን ከጨዋታ ጠርታ ጋኑ አጠገብ አቆመችኝ፣ ቅል ሰጠችኝ። “ቅመሺና ንገሪኝ” አለችኝ። ጓደኞቼ ደጅ ሆነው ይጣሩ ነበር። ከንፈሬን አስነካሁና “ሸጋ ነው” ብዬ ሮጥኩ። ረስቼውም አላውቅም፤ አንድ ቀን እናቴ እንደ ትልቅ ሰው አስቀመሰችኝ እያልኩ ነበር የማስታውሰው። ያ ሁሉ ባለሙያ ሴት በመንደሩ እያለ ለምን እኔን እንደጠየቀችኝ በአምሳ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን አስቤው አላውቅም።

የልጄን ክንድ ያዝኩ። “እናቴን ደስ ይበላት ብለሽ እንዳይሆን። ዋጪው፣ ቆይ በይ፣ ከዚያ ተናገሪ።”

አፏ ውስጥ ያዘችው፣ ዋጠችው፣ ጣሪያውን እያየች ቆየች። “ጣፋጩ ፊት ይመጣል” አለች። “መራራው ከኋላ ብቅ ብሏል፣ ገና አልበረታም። ነገ ከሆነ ይበረታል። ይሄ ዛሬ ይውጣ።” ሁለተኛውን ቀመሰች። “ይሄኛው ገና ብርዝ ነው። ሁለት ሦስት ቀን ይቆይ።”

ያች ልጅ ሁሉም ይመራል ስትለኝ እውነቷን ኖሯል፤ መራራን ከሩቅ የምትሰማ ልጅ ወልጄ ያባረርኳት እኔ ነኝ። ይህንኑ ነገርኳት። “ላም ብለሽኝ ነበር” አለችኝ። አልረሳችም። ይቅር በይኝ አልኳት። እጅጌዬን ሰብስቤ እስከ ክርኔ ጋኑ ውስጥ ገባሁና ጌሾውን አወጣሁ። የሁለተኛውን በየቀኑ ከሥራ ስትወጣ እየመጣች ቀመሰችው፤ ሰኞ ወጣ።

ድብ ባሕር የገባነው ከሰርጉ በፊት ባለው ቀን ነው። ጋኖቹን አያ ሾፌር ጭድ ከሥራቸው አስደርገው አስጫኑልን፤ ባይጠሩም ከሰርግ የሚቀሩ ሰው አይደሉምና እሳቸውም አብረው መጡ። በማግስቱ ዳሱ ሞልቶ ብርሌው መዞር ሲጀምር እኔ ምሰሶ ተደግፌ የሰው ፊት አያለሁ። ለምዶብኛል። ቅንድብ ሲነሳ አየሁ፣ ድጋሚ ሲቀዳ አየሁ። መሀረብ ያወጣ የለም። ወንድሜ ከሩቅ ራሱን ነቅንቆ ምልክት ሰጠኝ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

“እጅሽ ይባረክ” እያሉ መጡ ሽማግሌዎቹ።

“እጁ የኔ ነው፤ ምላሱ የልጄ ነው” አልኳቸው። ቀልድ መስሏቸው ሳቁ።

የመራራው ሰርግ ሙሽራ ከባልቴቶቹ መካከል ተቀምጣለች። ብርሌዋን አጋምሳ በእጇ ጠራችኝና አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ስንገናኝ ሁልጊዜ ስማኝ ነው የምታልፈው። “ይሄስ ሸጋ ነው” አለችኝ። ሌላው እንዳይሰማ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። “ያን ጊዜ እናትሽን ግን ምን ነክቷት ነበር?”

እስከዚያ ቀን ፊት ለፊት የጠየቀኝ ሰው የለም። ቢጠይቀኝም የምመልሰው አልነበረኝም።

“ታማ ነበር” አልኳት። “ምላሷ ጠፍቶባት ነበር። ሸጋ ነው ያልኳት እኔ ነኝ።”